ክረምት ላይ ሰፈር የገባ የሳይንስ ተማሪ ምን ይሥራ? ከድሬዳዋ በርሜሎች የተማርኩት

ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ሻንጣችንን ይዘን ቤት እንገባለን። ጎረቤት "ትምህርት እንዴት ነው?" ይላል። "ደህና ነው" እንላለን። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ ስለ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ስንማር ከርመን፣ እነዚያው በሽታዎች በሚመላለሱበት ሰፈር ሁለት ወር ተቀምጠን፣ ምንም ሳንናገር እንመለሳለን። እኔን ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ሁለት ክረምት በሰፈሬ በጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው አልሆነልኝም፣ ሁለተኛው ሆነ። እዚህ የምጽፈው በሁለቱ መካከል ምን እንደተቀየረ ነው። እናንተ ኬሚስትሪም ተማሩ ፊዚክስ፣ ሰፈራችሁ ኮምቦልቻም ይሁን አርባ ምንጭ፣ መንገዱ ያው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያዙ

በመጀመሪያው ክረምት ሁሉንም ይዤ ነው የወጣሁት። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ተመጣጣኝ ምግብ። ላፕቶፕ ይዤ አዳራሽ ገባሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተናገርኩ። ሰው በጨዋነት አዳመጠኝ፣ አጨበጨበልኝ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። በሳምንቱ ሰፈሩን ዞሬ ሳይ አንድም የተለወጠ ነገር የለም። ጥፋቱ የሰው አልነበረም። አምስት ነገር የተነገረው ሰው የትኛውን ይዞ ይሂድ?

በሁለተኛው ክረምት አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ፦ የውሃ በርሜል።

ለምን በርሜል? እኛ ጋ ውሃ ሲመጣ የማይሞላ ዕቃ የለም። በርሜሉ፣ ሮቶው፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው ሁሉ ይሞላል። ወባን በተመለከተ ደግሞ ከልጅነታችን የሰማነው "ረግረግ አድርቁ፣ ኩሬ ድፈኑ" የሚለውን ነው። ትክክል ነው፣ በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ ትራባለች። አሁን ግን ሌላ እንግዳ ገብታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። የደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ትንኝ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች። ይቺኛዋ ከተማ ትወዳለች። የምትራባውም ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በደረቁ ወቅት ሲነሣ፣ ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ከዚችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባሉ ትኩሳት አምጪ በሽታዎች ከተማችንን አንገላተዋል። እነሱን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው፣ እግሯ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ በቀን የምትነክሰው ትንኝም እንዲሁ የበርሜል ወዳጅ ናት። ስለዚህ አንድ በርሜል በደንብ ሲከደን የሦስት በሽታ መንገድ ይጠባል። አንድ ነገር ምረጡ ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። ትንሽ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ያለ ይሁን፣ ሰው ዛሬውኑ በእጁ ሊያስተካክለው የሚችል ይሁን።

ከመናገር በፊት መስማት

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣው ነው። ከዚያች አንዲት እይታ ነው የእንዶድ ምርምር የተነሣው፣ በኋላም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ነገሩ ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከልብስ አጣቢዎቹ አጠገብ መጀመሩ ነው።

እናንተም መጀመሪያ ሂዱና ጠይቁ። ውሃ በስንት ቀን ይመጣል? የትኛው ዕቃ ለመጠጥ ነው፣ የትኛው ለልብስ? በርሜሉን የሚያጥበው ማነው? ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው? ክዳኑ የት ሄደ? እኔ ክዳን የሌለበትን ምክንያት ቸልተኝነት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ስጠይቅ ግን በርሜሎቹ ሲገዙ ጀምሮ አፋቸው የተቆረጠ ነው፣ ክዳን ኖሯቸው አያውቅም። ይሄን ሳላውቅ "ክደኑ፣ ክደኑ" እያልኩ ብዞር ኖሮ ምን ሊጠቅም?

የምትሄዱበት ሰዓትም ቁም ነገር ነው። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰው አያስወጣም፣ የበርጫም ሰዓት ነው፣ ያኔ በር ማንኳኳት ተገቢ አይደለም። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቡና ላይ መገኘት ነው። ቡና ላይ አምስት ስድስት ጎረቤት አንድ ላይ ታገኛላችሁ፣ ጠሪውም እናንተ ሳትሆኑ የቤቱ ባለቤት ናቸው።

ፈቃድ

ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ አስጽፋችሁ ውጡ፣ ክረምት ከገባ ፈራሚ ማግኘት ከባድ ነው። ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ፈልጉ። እሷ እያንዳንዱን ቤት ታውቃለች፣ የትኛው ቤት የታመመ እንዳለ፣ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለ ጭምር። "ልረዳሽ መጣሁ፣ ምን ላግዝ?" በሏት። "ላስተምር መጣሁ" አትበሉ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገቧን ተሸክሜ ከኋላዋ ነው የሄድኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ስሜን ያውቅ ነበር።

በርሜሉ ጋ ምን ይደረጋል

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው። ነጭ ሳህን ወይም ነጭ ጎድጓዳ ሰሃን። የስልክ ባትሪ መብራት። ትንሽ ማጉያ መነጽር። አፉ ሰፊ የሆነ ንጹህ ብርጭቆ ማሰሮ፣ የማርማላታ ዕቃ ይበቃል። ቁራጭ የአጎበር ጨርቅና ላስቲክ። ደብተርና እስክሪብቶ።

በርሜሉ ጋ ስትደርሱ ዝም ብላችሁ አትጎንበሱበት። የትንኝ እጭ (ከእንቁላል የተፈለፈለው፣ ገና ክንፍ ያላወጣው) ጥላ ሲያርፍበት ወይም ውሃው ሲነቃነቅ ወደ ታች ይጠልቃል። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ባትሪውን ከጎን አብሩ። ለመተንፈስ ወደ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ የቤቱ ባለቤት በራሳቸው ጣሳ ይቅዱ። ይሄን አደራ እላለሁ፦ እናንተ የራሳችሁን ዕቃ የሰው መጠጥ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። የተቀዳው ውሃ ነጩ ሳህን ላይ ይፍሰስ።

አሁን ዝም በሉ። ሰው ራሱ ይይ። ሳህኑ ላይ ከሩዝ ፍሬ የቀጠኑ፣ ጠቆር ያሉ ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ። ሰፈር ውስጥ ስማቸው "ትል" ነው። ብዙ ሰው ሲያያቸው ኖሯል፣ ትንኝ ይሆናሉ ብሎ ግን አያስብም። ማጉያውን ስጧቸው። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ልዩነት አለው፦ የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ ለጥ ብሎ ይተኛል፣ ኤደስና ተራዋ ቢንቢ ግን ከጭራቸው ባለ ቱቦ ስለሚተነፍሱ ጭንቅላታቸውን ቁልቁል አድርገው ይንጠለጠላሉ። ይሄን ልጆች በአንድ ቀን ነው የሚለዩት። "ይሄ ተኝቷል፣ ይሄ ተንጠልጥሏል!" እያሉ ይቆጥሩላችኋል።

ከዚያ መፍትሔው በአንድ አረፍተ ነገር ይነገር፦ በሳምንት አንድ ቀን ጨርሶ መድፋት፣ የውስጥ ግድግዳውን በደንብ መፈግፈግ፣ ሞልቶ በጨርቅ መሸፈን። ሳምንት የተባለው በሞቃት አገር ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ የሚፈጀው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሆነ ነው፣ በየሳምንቱ ከተደፋ አብዛኛው ሳይበር ይቀራል። መፈግፈጉ ደግሞ ኤደስ እንቁላሏን ግድግዳው ላይ ስለምትለጥፍ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ቆይቶ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል፣ ስለዚህ መድፋት ብቻውን አይበቃም። የተደፋው ውሃ ለልብስ ወይም ለአትክልት ይሁን፣ ሰው የደከመበት ውሃ ነው፣ ዝም ብሎ "ድፉት" ማለት ይከብዳል። ደረቅ አፈር ላይ ከፈሰሰ እጩ ይሞታል። ክዳን ለሌለው በርሜል እኛ የሠራነው ቀላል ነው፦ ቀዳዳ የሌለው ጨርቅ፣ ዙሪያውን ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ጥብቅ ማድረግ። ጎሚስታ ቤት ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል።

መድኃኒት ውሃ ውስጥ ልጨምር እንዳትሉ። እሱ የጤና ቢሮ ሥራ ነው፣ መጠን አለው፣ የሰለጠነ ሰው አለው።

ማንንም አታሳፍሩ

የሠራሁት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከአንዲት ጎረቤታችን በርሜል የተቀዳ እጭ በማሰሮ ይዤ ቡና ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ይሄ ከእትዬ ግቢ ነው" አልኩ። ክፋት አልነበረውም፣ ያገኘሁት ነገር ስላስደሰተኝ ነው። እሳቸው ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ግቢያቸውን በቀን ሁለቴ የሚጠርጉ ሴት ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን በጭንቅላት ብቻ ነበር የሚመልሱልኝ። እናቴ ናት ይዛኝ ሄዳ ይቅርታ ያስጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የምጀምረው ከራሳችን ቤት ነው። "ይሄ ዛሬ ጠዋት ከእኛ በርሜል የወጣ ነው" እላለሁ፣ እውነትም ነው። ያኔ ሰው ሁሉ "እስቲ የኛንም እንየው" ይላል፣ ማንም አይሸማቀቅም።

ሌላም የረዳኝ ነገር አለ። ስቴፈንሲ በአብዛኛው ንጹህ ውሃ ላይ ነው የምትራባው። ስለዚህ "ውሃው ንጹህ ስለሆነ ነው የመጣችው" ስትሉ ሐሰት አይደለም፣ የሰውንም ክብር ይጠብቃል። "የቧንቧ ውሃ ነው፣ እኛ ቆሻሻ አንጠቀምም" የሚል ክርክር ከተነሣ መልሱ ይሄው ነው። ለእትዬ ይቅርታ ስጠይቅ የነገርኳቸውም ይሄን ነው። "እና እኔ ቆሻሻ ነኝ ማለትህ አልነበረም?" አሉኝ። በፍጹም አልኳቸው። በማግስቱ በርሜላቸውን ራሳቸው ፈግፍገው አገኘኋቸው።

የሚመጡ ጥያቄዎች

ሰው በጣም ጥሩ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። "እጩን ከውሃ ጋር ብንውጠው ወባ ይይዘናል?" አይይዝም። እጩ የወባ ተሕዋስ የለበትም፣ ትንኟ ተሕዋሱን የምታገኘው የታመመ ሰው ስትነክስ ነው፣ የምትነክሰውም ሴቷ ብቻ ናት። "ነጭ ሽንኩርት ስንበላ ኖረናል፣ አይሠራም?" ለዚህ አትሳቁ፣ አታጣጥሉት። ነጭ ሽንኩርቱን ለምግብነት ይብሉት፣ ትኩሳት ሲኖር ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ ማለት ይበቃል። "አጎበር አለን፣ ታዲያ ለምን በርሜል?" አጎበሩ ይቀጥል፣ ኤደስ ግን በቀን ስለምትነክስ አጎበሩ ውስጥ ሳትገቡ ነው የምታገኛችሁ።

የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ "ጠይቄ እመልሳለሁ" በሉና ጻፉት። ከዚያ በእርግጥ ተመለሱ። እኔን ሰው ያመነኝ በነገርኳቸው ነገር ሳይሆን መልስ ይዤ በመመለሴ ይመስለኛል።

ደግሞ ሐኪም አይደላችሁም። ትኩሳት ያለው ልጅ ካያችሁ ሥራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ ነው፣ ወባ በተለይ ሕፃናትንና እርጉዞችን በፍጥነት ይጎዳል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። የመድኃኒት ስም ከአፋችሁ አይውጣ።

ቋንቋ

ድሬ ላይ አማርኛ ብቻ ይዞ መዞር አይበቃም። አንዱ ቤት ኦሮምኛ፣ ቀጣዩ ሶማልኛ ነው። እኔ ሁለት ጓደኞች ይዤ ነው የወጣሁት፣ አንዱ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት፣ አንዷ ሶማልኛ። እነሱ አስተርጓሚ ብቻ አልነበሩም። ቤት ውስጥ በገዛ ቋንቋቸው የተነገራቸው እናቶች ከእኔ ጋር ፈጽሞ የማያነሡትን ነገር ያነሡ ነበር። ሌላ ከተማ ያላችሁም ብቻችሁን ከመውጣት የሰፈሩን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ውጡ። በላቲን ስም ሰው አታድክሙ፣ "የበርሜሏ ትንኝ" እኛ ጋ በቂ ስም ሆኗል።

ልጆቹ

ልጆች የዚህ ሥራ ልብ ናቸው። በክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ካለ ርዕሰ መምህሩን አናግሩና ሃያ ደቂቃ ለምኑ። አንድ ማሰሮ ውሃ ከእጮች ጋር አስገቡ፣ አፉን በአጎበር ጨርቅ ድርብ አድርጋችሁ በላስቲክ እሠሩ። ይሄ ማሰሪያ እንዳይላላ በየቀኑ እዩት፣ ክፍል ውስጥ ትንኝ ማርባት አንፈልግም። በየቀኑ ልጆቹ ያዩትን ይሥሉ። እጩ ቆዳውን እየገፈፈ ያድጋል፣ ከዚያ የእንግሊዝኛ ነጠላ ሰረዝ (,) የመሰለ ሙሽሬ ይሆናል፣ ሙሽሬው አይበላም፣ ግን ሲነካ ይሽከረከራል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት ጨርቁ ሥር ክንፍ ያላት ትንኝ ተቀምጣ ይገኛል።

ያን ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ማሰሮውን ትክ ብላ እያየች "እኛ ቤት ያለው ትል ሁሉ እንደዚህ ይሆናል ማለት ነው?" አለች። አዎ አልኳት። በምሳ ሰዓት ቤቷ ሄዳ ጀሪካን ስትደፋ እንደዋለች እናቷ ነግራኛለች። ካሳየኋቸው በኋላ ማሰሮውን ሳልከፍት ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ትንኞቹ መሞታቸውን አይቼ ነው የደፋሁት፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ልጅ ፎቶ ስታነሡ ወላጅ አስፈቅዱ። ካልተፈቀደ ማሰሮውን አንሡ፣ እሱ ይበቃል።

ደብተሩ

የሳይንስ ተማሪ ከሌላ በጎ ፈቃደኛ የሚለይበት ቦታ እዚህ ነው። ቁጠሩ። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር ይሰጠው፣ የሰው ስም አይጻፍ። አምዶቹ፦ ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የዕቃ ዓይነት፣ ክዳን አለ ወይስ የለም፣ እጭ አለ ወይስ የለም፣ የተኛ ነው ወይስ የተንጠለጠለ። በሳምንቱ ተመለሱና ያንኑ ሙሉ። በአንድ ወር ውስጥ የትኛው ምክር እንደሠራ የትኛው እንዳልሠራ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። እኔ ጋ ጨርቁ ሠራ፣ ሳምንታዊው መድፋት ግን ውሃ ሳይመጣ በዘገየባቸው ሳምንታት ቆመ። እውነት ነው፣ ውሃ ሳይኖር ማን ይደፋል? ስለዚህ ምክሩን ቀየርን፦ ውሃው ካልተደፋ ጨርቁ ፈጽሞ አይነሣ፣ ሲቀዳም ወዲያው ይመለስ።

ደብተሩን ኮፒ አድርጋችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስጡ። ለእሷ በጣም ይጠቅማታል። በኋላ ሥራ ወይም ስኮላርሺፕ ስታመለክቱም የምትጽፉት ከዚያው ይወጣል። "ማኅበረሰቤን አገልግያለሁ" ብሎ መጻፍ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። ስንት ቤት፣ ስንት ሳምንት፣ ምን ተገኘ፣ ምን አልሠራም፣ ምን ተቀየረ ብሎ መጻፍ ግን ሰውዬውን ያሳየዋል። ያልሠራውንም ጻፉ።

ስትመለሱ

ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ሥራው አብሮ እንዳይዘጋ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምራችሁ ተተኪ ፈልጉ። ትልቅ ሰው ባይገኝ ልጆች ይበቃሉ። እኛ ሰፈር ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ደብተሩን ተረከቡ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዞሩና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንዲያሳዩ ተስማማን። ልሄድ ሻንጣዬን ስዘጋ ሁለቱም በር ላይ ቆመው ነበር። ደብተር ይዘዋል፣ እስክሪብቶ ይዘዋል፣ ነጩንም ሳህን ይዘዋል። "ማጉያውስ?" አሉኝ። ከሻንጣው አውጥቼ ሰጠኋቸው።